ከስፒከሩ ጀምሩ፦ የ1966ቱን የጊታር ድምፅ ጎንደር ላይ ማውጣት

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ላይ ለጊታር ተጫዋቾችና ለድምፅ ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ። ከአዳራሹ የተነሱትን ጥያቄዎች መጨረሻው ላይ አስገብቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ቦታ አለ። አምፑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ማሽን፣ አስቀድሜ አብርቼዋለሁ። ቱዩብ ነው፤ እንደ ድሮ ራዲዮ በመስታወት አምፖሎች ይሠራል፤ ሳይሞቅ አይሠራም። እስኪሞቅ እናውራ።

የመጣሁት ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ላወራችሁ ነው። ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይሻክራል። ክሩን ገፋ ሲያደርጉት ያለቅሳል፤ እጅ ለዘብ ሲል ደግሞ ጥርት ይላል። ብሉስ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ የቆመው በዚህ ድምፅ ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ሲሰማው "አዎ፣ ይሄ!" ይላል።

እዚህ ከተማ ጊታር የያዘ ልጅ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ያን ድምፅ ለማውጣት የቱን ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ) ልግዛ?" እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ "ጊታርህ የሚወጣው በምን ስፒከር ነው?" አብዛኛውን ጊዜ "በሳውንድ ሲስተሙ" ይለኛል። እንግዲህ ችግሩ እዚያ ጋ ነው። እኛ ድምፅ የምንሠራው ከጊታሩ ተነስተን ነው። ጥሩ ጊታር እንገዛለን፤ ፔዳል እንጨምርበታለን፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ያገኘነው ስፒከር ላይ እንሰካለን። እኔ የምለው ነገሩ ተገልብጦ ይሠራ ነው። ከስፒከሩ ጀምሩ። ከዚያ ወደ አምፑ ኑ፤ ቀጥሎ ወደ ጊታሩ፤ ከዚያ ወደ እጃችሁ። የፔዳሉ ተራ መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ እንስማማ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

1966። ለንደን፣ ዌስት ሃምፕስቴድ ሰፈር፣ ዴካ ስቱዲዮ። የጆን ሜዮል ቡድን፣ ብሉስ ብሬከርስ፣ አልበም ሊቀርጽ ገብቷል። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ነው፤ ዕድሜው 21። የያዘው ጊብሰን ሌስ ፖል የሚባለውን ጊታር ነው። አምፑ ደግሞ ባለ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር ማርሻል። የዚያን ጊዜ የስቱዲዮ ወግ የታወቀ ነበር። ጊታር ዝግ ብሎ ይጫወታል፤ ማይኩ ጠጋ ብሎ ይቆማል፤ የመለኪያው መርፌ ቀዩን አይነካም። ልጁ ግን መድረክ ላይ በምጫወትበት ልክ ካልሆነ አይሆንም አለ። አምፑን ከፈተው። የቀረጻ ባለሙያው ገስ ደጅን ግራ ገባው፤ እንዲህ ያለ ጩኸት የለመደው አልነበረም። በመጨረሻ ግን ጩኸቱ እንዳለ ተቀረጸ።

ያ ቀረጻ ነው መለኪያ ሆኖ የቀረው። ጊታሩ ግን በዚያው ዓመት ተሰረቀ። ስለዚህ "ትክክለኛውን ጊታር ካላገኘሁ" ብላችሁ አትጨነቁ፤ ባለቤቱ ራሱም የለውም።

አምፑ የራሱ ታሪክ አለው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ጂም ማርሻል ከበሮ መቺና የከበሮ መምህር ነበር። ለንደን ውስጥ ሃንዌል በሚባል ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ጊታሪስቶቹ እየመጡ የአሜሪካውን ፌንደር አምፕ ይጠይቃሉ። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ስለሆነ ውድ ነው። እነ ማርሻል በ1962 ምን አደረጉ? ኬን ብራንና ዳድሊ ክሬቨን የሚባሉ ሁለት የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች ከሱ ጋር ሆነው ፌንደር ቤዝማን የሚባለውን አምፕ ውስጡን አዩና ሰርኪቱን ተከትለው ሠሩ። ዕቃውን ግን እዚያው እንግሊዝ ገበያ ላይ ያገኙትን ነው የገጠሙበት። ትራንስፎርመሩ ሌላ፣ ስፒከሩ ሌላ ሆነ። ጄቲኤም 45 የሚባለው አምፕ እንዲህ ተወለደ። ቤዝማኑም ቢሆን ስሙ እንደሚለው የተሠራው ለቤዝ ጊታር ነበር።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። እዚህ አገር "ኦሪጅናል ዕቃ ከሌለ ያ ድምፅ አይወጣም" የሚል ወግ አለ። ኦሪጅናል የምንለው ራሱ ሰፈር ውስጥ በተገኘ ዕቃ የተሠራ ቅጂ ነው። እኛም ያለንን ይዘን መነሳት እንችላለን። ግን የትኛው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብን።

አሁን አንድ ነገር ላሰማችሁ። ይህ ተራ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፅ የሚያሻክር፣ ፔዳል ነው። ከጊታሩ ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ። ስሙት።

(እዚህ ላይ ተጫወትኩ። ፊት ወንበር የተቀመጡት ፊታቸውን አጨማደዱ።)

የተቆጣ የንብ ቀፎ አይመስልም? አሁን ጊታሩም ያው፣ ፔዳሉም ያው፣ እጄም ያው ነው። የሚቀየረው ስፒከሩ ብቻ ነው። በጊታር አምፑ ስሙት።

(ተጫወትኩ።)

ልዩነቱ ከየት መጣ? የአዳራሹ ስፒከር የተሠራው ለሰው ድምፅና ለኪቦርድ ነው። ከላይ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አለው፤ ወደ 15 ሺህና ከዚያም በላይ ኸርዝ ድረስ ያወጣል። የጊታር ስፒከር ትዊተር የለውም። አንድ ትልቅ የወረቀት ኮን ነው፤ በቃ። ከ5 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ድምፁ ቁልቁል ይወርዳል። ዲስቶርሽን ደግሞ ያን የሚጮኽ "ዝዝዝ" የሚያበዛው ከዚያ በላይ ባለው ቦታ ነው። እነዚያ በቀረጻ የሰማናቸው ጊታሮች ሁሉ ያለፉት በእንዲህ ያለ ስፒከር ነው። ዝዝዙን የቆረጠላቸው እሱ ነው። እና ስፒከሩ ድምፁን የሚያጎላ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የድምፁ ግማሽ ነው። ግማሽ ስል ለአነጋገር ነው፤ ማንም አልለካውም። ጆሯችሁ ግን አሁን ሰምቷል።

ጊታሩን ያለ ፔዳል በቀጥታ ሚክሰር ላይ ስትሰኩስ? ያኔ ሌላ ችግር አለ። የጊታር ፒክአፕ፣ ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ፣ ደካማ ምንጭ ነው። መቋቋሙ 1 ሚሊዮን ኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። የሚክሰሩ ላይን መግቢያ ብዙውን ጊዜ 10 ሺህ ኦም አካባቢ ነው። ሚክሰሩ ጊታሩን ያንቀዋል። ድምፁ ይደክማል፤ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ይጠፋል፤ ተጫዋቹ ደግሞ "ጊታሩ ቺፕ ነው" ብሎ ይናደዳል። ጊታሩ ምንም አላጠፋም። መሃል ላይ ዲአይ ቦክስ፣ ጊታሩን ከሚክሰሩ ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን፣ ማስገባት ነው።

የድምፅ ሠራተኞች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ሠርግ ላይ ወይም ኮንሰርት ላይ ጊታሪስቱ የራሱን አምፕ ይዞ ከመጣ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ፊቷ ማይክ አቁሙላት። ለዘፋኝ የምትጠቀሙበት ሹር 58 ማይክ ይበቃል። ፈረንጆቹ ለጊታር የሚመርጡት ወንድሙን 57ቱን ነው፤ ሁለቱ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የማይኩ ቦታ ግን ወሳኝ ነው። የስፒከሩ መሃል ላይ፣ ያቺ ክብ ቆብ ያለችበት ጋ ፊት ለፊት ካቆማችሁት ስል ድምፅ ይሰጣችኋል። ወደ ጠርዙ ሦስት አራት ጣት ብታሸሹት ይለሰልሳል። ኢኳላይዘር ከመንካታችሁ በፊት ማይኩን አንቀሳቅሱ። አንድ ሰው አምፑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያንቀሳቅስ፣ ሌላው ከሩቅ ይስማ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ማታውን ሙሉ ከመታገል ያድናል።

ወደ አምፑ እንምጣ። እነሆ ሞቋል፤ ከኋላ ስታዩት ቱዩቦቹ ቀላ ብለዋል።

ቱዩብ አምፕ የሚወደደው ሲደክም በሚያሳየው ጠባይ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን በአንዴ አይቆርጠውም፤ ቀስ እያለ ይጨፈልቀዋል። ጫፉ ሲጨፈለቅ ሦስት ነገር ይሆናል። አዳዲስ የላይ ድምፆች ይጨመራሉ፤ ውፍረቱ ከዚያ ይመጣል። ጮክ ያለውና ዝግ ያለው ይቀራረባል፤ ስለዚህ ክሩ ቶሎ አይሞትም፣ ይዘፍናል። ሦስተኛው ደግሞ ለእኔ ዋናው ነው፦ አምፑ እጃችሁን ይሰማል። ጠበቅ አድርጋችሁ ብትመቱ ይሻክራል፤ ለስለስ ብትሉ ይጠራል። ርካሽ የዲስቶርሽን ፔዳል ይህን አያደርግም። ብትመቱትም ብትዳስሱትም ያው ነው።

ታዲያ ይህ የሚሆነው አምፑ ሲከፈት ነው። ጎንደር ውስጥ 45 ዋት ቱዩብ አምፕ እስከ ጥግ ከፍቶ የሚጫወት ሰው ወይ ጎረቤት የለውም፣ ወይ ጎረቤቱን አይፈልገውም። ከተማዋ የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ናት። ቅዳሴው አለ፣ ማኅሌቱ አለ፣ በዚያ ላይ ግድግዳችን ጭቃና ብሎኬት ነው። ስለዚህ ትንሽ አምፕ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዋት ሲቀንስ ድምፅ በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም። ጆሮ እንደዚያ አይቆጥርም። 50 ዋቱ ወደ 5 ዋት ሲወርድ፣ ለጆሮ በግማሽ ገደማ የቀነሰ ብቻ ነው የሚመስለው። 5 ዋት ቱዩብ አምፕ እስከ ጥግ ከከፈታችሁት ከበሮ መቺ አጠገብ ይሰማል። ለመኝታ ቤት 1 ዋትም ይበዛል። ትልቅ አምፕ ገዝቶ 2 ላይ አስቀምጦ ከመጫወት፣ ትንሽ ገዝቶ 8 ላይ መጫወት ለዚህ ድምፅ ይሻላል። ለንጹሕ ድምፅ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ለሌላ ቀን እንተወው።

ማዞሪያዎቹንስ የት እናድርጋቸው? ብዙ ልጅ ሚድሉን (የመካከለኛውን ድምፅ ማዞሪያ) ዜሮ አድርጎ ቤዙንና ትሬብሉን ያስጮኸዋል። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲጫወት ያምራል። ቤዝ ጊታርና ከበሮ ሲገቡ ግን ጊታሩ ይጠፋል፤ ይኖር አይኖር አይታወቅም። የዚህ ድምፅ አጥንቱ ሚድል ነው። እኔ የምጀምረው ቤዝ 4፣ ሚድል 7፣ ትሬብል 5 ላይ አድርጌ ነው። ከዚያ በጆሮ። ጌኑንም (የሚያሻክረውን ማዞሪያ) እናንተ ከምታስቡት ቀንሱት። የ1966ቱን ቀረጻ ዛሬ ብትሰሙት ከትዝታችሁ ይልቅ የጠራ ነው።

ስለ መብራት ሳልናገር አላልፍም። የእኛ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው አምፕ ብዙውን ጊዜ 120 ነው። እንደመጣ ሶኬት ላይ የሰካ ሰው ጭሱን አይቷል። የአምፑን ጀርባ አንብቡ፤ ማውረጃ ትራንስፎርመር ግዙ፤ ዋቱም አምፑ ከሚፈልገው ከፍ ያለ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሲጠፋ አምፑን አጥፉት፤ ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት። ስታቢላይዘር ካለ ጥሩ።

ከዚህ የከፋው አርድ፣ ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ ነው። ብዙ አሮጌ ቤት አርድ የለውም። የጊታሩ ክር ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኘ ነው። ማይኩ በሌላ መስመር ከመጣና አንዱ ላይ ችግር ካለ፣ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ ይነዝራችኋል። ንዝረት ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። አምፑና ሚክሰሩ ከአንድ ትክክለኛ አርድ ካለው ማከፋፈያ ይነሱ። የአርዱን እግር የቆረጠ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉት።

የቱዩብ አምፕ ሆድ ውስጥ ደግሞ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ። ነቅላችሁትም ካፓሲተሩ፣ መብራት የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ይዞ ይቆያል። አያት ቤት ያለውን የድሮ ቱዩብ ራዲዮ ወደ ጊታር አምፕ ለመቀየር የምትሞክሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዱ ራዲዮ ብረቱ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። ጊታር ብትሰኩበት ክሩ ላይ መብራት አለ ማለት ነው። ይህን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ተዉለት።

እሺ፣ ወደ ጊታሩ። እዚህ ቶሎ እንሄዳለን፤ ስለ ጊታር የሚያወራ ሰው አይጠፋም።

ፒክአፕ ማግኔትና የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። ብረት ክር ከላዩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ጥቂት መብራት ይፈጠራል። ባለ አንድ ጥቅልሉ ፒክአፕ ብሩህ ነው፤ ግን የቤቱን የመብራት መስመር "ኧምምም" አብሮ ይሰበስባል። ሴዝ ላቨር የሚባል የጊብሰን መሐንዲስ ሁለት ጥቅልል ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱ የሌላውን ኧምምታ እንዲያጠፋ አደረገ። ለፈጠራ መብቱ በ1955 አመለከተ፤ በ1957 ሌስ ፖል ላይ ገባ። ሃምበከር የምንለው እሱ ነው። ኧምምታው ሲጠፋ ድምፁም ወፈረ፤ አምፑንም ይበልጥ ይገፋል። የክላፕተን ሌስ ፖል ላይ የነበረው ይህ ነው። መብራታችን እንዲህ እያለ፣ ባለ ሃምበከር ጊታር ለጎንደር ቤት ይስማማል።

ጊታራችሁ ላይ ቮልዩምና ቶን የሚሉ ማዞሪያዎች አሉ። እንደ ጌጥ ነው የያዝናቸው፤ ሁለቱንም 10 ላይ አድርገን እንረሳቸዋለን። የድምፁ ምስጢር ካለ ግን እዚያ ነው። ተመልከቱ። አምፑን ቮልዩሙ 10 ሲሆን እንዲሻክር አድርጌዋለሁ። አሁን የጊታሩን ቮልዩም ወደ 6 አወርዳለሁ። ሰማችሁ? ጠራ። ለአጃቢ ሪትም ይሆናል። ሶሎ ሲደርስ በትንሿ ጣቴ ወደ 10። ፔዳል አልረገጥሁም።

አሁን ደግሞ የአንገቱ ጋ ያለውን ፒክአፕ መርጬ ቶኑን ዜሮ ላድርገው። ይህን ክላፕተን በ1967 ክሪም ከሚባለው ቡድኑ ጋር ነው ያሳየን። ትሬብሉን ከአምፑ በፊት ቆረጠው። ግን አምፑ ሲሻክር አዲስ የላይ ድምፅ ይፈጥራል ብያችኋለሁ። ስለዚህ የሚወጣው ድምፅ የታፈነ አይደለም፤ አፍ ሞልቶ "ኡ" የሚል ድምፅ ነው። በንጹሕ አምፕ ይህን ብትሞክሩት ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል። አምፑ መሻከር አለበት።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ፒተር ግሪን የሚባል ታላቅ የብሉስ ጊታሪስት ነበረ። የሱ ሌስ ፖል ሁለቱን ፒክአፕ አንድ ላይ ሲያደርጉት ቀጭን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚናገር ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ምክንያቱ የአንደኛው ፒክአፕ ማግኔት መገልበጡ ነው። ብልሽት ነው እኮ! ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የራሱን ጊታር እንደዚያ ያስገለብጣል።

አሁን እጅ። እዚህ ጎንደር ላይ በጣም የምናተርፈው በዚህ ይመስለኛል።

ብሉስ ተጫዋች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚለው አምስት ድምፅ እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ነው። ከላ ብትነሱ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ሜጀር ፔንታቶኒኩ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ነው። ክላፕተንም አሜሪካዊው የብሉስ ጊታሪስት ቢ.ቢ. ኪንግም ሁለቱን እየቀላቀሉ የተጫወቱ ናቸው። ጣታችሁ ይህን መንገድ ያውቀዋል ማለት ነው። "ስለዚህ ብሉስ ከእኛ የሄደ ነው" የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። አትከተሉት። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ከቻይና እስከ ስኮትላንድ አለ። ቅኝቱ አንድ መሆኑ ይጥቀማችሁ፤ ጉራውን ተዉት።

ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። ቢ.ቢ. ኪንግ ቡካ ዋይት የሚባል ዘመድ ነበረው፤ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ የሚጫወት። ቢ.ቢ. ያን መንሸራተት አልሆነለትም። ስለዚህ በጣቱ ክሩን እያንቀጠቀጠ ያን የሚመስል ድምፅ አወጣ። ያ ንቅጥቅጥ መለያው ሆነ። እኛስ? ማሲንቆ ፍሬት (ጊታር አንገት ላይ በአግድም ያሉት ብረቶች) የለውም። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም። አዝማሪው ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ በመሃል ያለውን መንገድ ሁሉ ያሰማችኋል። በደጋን ስለሚመታ ድምፁ አይሞትም። ጊታር ግን ትመቱታላችሁ፣ ይሞታል። የሚሻክረው አምፕ የሚሰጠን ያን ያልነበረንን ዕድሜ ነው። ክሩ መኖር ሲጀምር እንደ ማሲንቆ መጎተት ይቻላል።

እንሞክረው፤ ጊታር የያዛችሁ አብራችሁኝ ሁኑ። ሦስተኛው ክር፣ ሰባተኛው ፍሬት። ሬ ናት። በቀለበት ጣታችሁ ያዙ፤ ሌሎቹ ሁለት ጣቶች ከኋላ ይደግፉት። ወደ ላይ ግፉ፣ ሚ እስክትሆን። ሚ መሆኗን በምን ታውቃላችሁ? ሁለተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ሚ አለች። መጀመሪያ እሷን ምቱ። ከዚያ ሬዋን ገፍታችሁ እዚያ አድርሱ። ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ። አብዛኞቻችሁ ከታች ናችሁ፤ ጨምሩ። ... አሁን ደረሳችሁ። እዚያው ቆማችሁ ከእጅ አንጓችሁ ቀስ ብላችሁ አንቀጥቅጡ። በጣት ሳይሆን በአንጓ። ቀስ። ፈጣኑ ፍርሃት ይመስላል።

ሌላም አለች። ሦስተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት፣ ዶ። ይህችን ትንሽ ብቻ ግፏት። ዶም አትሁን፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው ዶ ዲያዝም አትሁን፤ መሃል ላይ ተዋት። ፒያኖ ላይ የለችም። ብሉስ ያለ እሷ አይሆንም። አዝማሪ ቤት ሲያመሽ ያደገ ጆሮ ቶሎ ያገኛታል፤ በኪቦርድ ብቻ የተማረ ሰው ትቸግረዋለች።

ለዚህ ሁሉ ክሩ መገፋት አለበት። ከ10 የሚጀምረው የክር ስብስብ ለብዙ ሰው ይሆናል (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው)፤ ጀማሪ ከሆናችሁ በ9 ጀምሩ። ስቲቪ ሬይ ቮን የሚባለው የብሉስ ጊታሪስት በ13 ይጫወት ነበር እያሉ የሚፎክሩ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ጊታሩን በግማሽ ድምፅ አውርዶ ነው የሚቃኘው፤ ጣቱም ብዙ ጊዜ ይቆስል ነበር።

ፔዳል እንግዲህ አሁን ነው። አምፓችሁ ትንሽ ከሻከረና ተጨማሪ መግፊያ ከፈለጋችሁ፣ ቱዩብ ስክሪመር የሚባለው አረንጓዴው ፔዳል ወይም ከብዙ ቅጂዎቹ አንዱ ይበቃል። ድራይቩን (ማሻከሪያውን) ዝቅ፣ ሌቭሉን (ጉልበቱን) ከፍ አድርጉት። ፔዳሉ ራሱ እንዲሻክር ሳይሆን አምፑን እንዲገፋ ነው የምትፈልጉት። ሚድሉን ከፍ፣ ቤዙን ቀነስ ያደርጋል። የጊታሪስቱን የጂሚ ሄንድሪክስን መንገድ የምትፈልጉ ፈዝ ፌስ የሚባል ፔዳል አለ፤ እሱም በ1966 ነው የወጣው። ግን ፈዝ የጊታር ቮልዩም ላይ የሚሠራ እጅ ይፈልጋል። ሌላውን ሰባት ስምንት ፔዳል የደረደረ ሰው ካያችሁ ገንዘቡን አድንቁለት።

ጥያቄ ካለ።

(አንዲት ልጅ ተነሳች፦ "እኔ አምፕ የለኝም። ጊታር፣ ስልክና ኢርፎን ብቻ ነው ያለኝ። ልተወው?")

አትተዪው፣ እህቴ። ዛሬ ስልክም ላፕቶፕም አምፕና ስፒከር ያስመስላል። ላፕቶፕ የሚያውስሽ ካገኘሽ ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰዎች እውነተኛ አምፕ ያስቀረጹበት ፋይል በነፃ ይለቃሉ። ግን ስለ ስፒከሩ ያልኩትን አትርሺ። አምፑን ብቻ ጭነሽ የስፒከሩን ፋይል ካልጨመርሽበት ያው ንብ ነው። አይአር ይሉታል፤ እሱንም በነፃ ታገኚያለሽ። ጊታሩን ወደ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ የሚያስገባ ትንሽ ኢንተርፌስ መግዛት አለብሽ። ኢርፎኑ ደግሞ በገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ መትተሽ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል፤ ሪትምሽን ያበላሸዋል።

(አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው፦ "ልጄ፣ ማሲንቆውን ራሱን በዚህ ዕቃ ብናስገባውስ?")

ይቻላል፣ ጋሼ። ግን እንደ ጊታሩ አይደለም። የማሲንቆው ክር ብረት ስላልሆነ የጊታር ፒክአፕ አይሰማውም። ገላው ላይ የሚለጠፍ፣ ንዝረት የሚቀበል ፒየዞ ያስፈልጋል፤ እሱም ከጊታር ፒክአፕ በላይ ስስ ነውና መሃል ላይ ፕሪአምፕ (ከአምፑ በፊት የሚገባ ማጎልበቻ) ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ቆዳው ነው። ስፒከሩ ሲጮህ ቆዳው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ፊድባክ፣ ድምፁ ተመልሶ እየገባ የሚፈጥረው ጩኸት፣ ቶሎ ይነሳል። ስለዚህ አዝማሪው ከአምፑ ፊት ዘወር ብሎ ይቁም፤ ጌኑም ዝቅ ይበል። ማሲንቆ የድምፅ ዕድሜ አያጥረውም፤ በደጋኑ ያገኘዋል። ሻካራነትም ከራሱ አለው። ጥቂት ብቻ ብትጨምሩለት ይበቃዋል። ትዊተሩን ግን አጥፉለት።

(ሌላ ልጅ፦ "በእጄ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው። የትኛውን ልግዛ?")

ጊታርህ ቅኝት ከያዘልህ ጊታር አትቀይር። አንድ ያገለገለ ትንሽ አምፕ ፈልግ፤ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ስፒከር ይሁን። ቱዩብ ካልሆነም ግድ የለም፤ ትራንዚስተር አምፕ በጥሩ ስፒከር ከቱዩብ አምፕ በመጥፎ ስፒከር ይሻላል። ልትገዛ ስትሄድ ጊታርህን ይዘህ ሂድ። ከፍተህ ኮኑን በባትሪ እየው፤ የተቀደደ እንዳይሆን። ማዞሪያዎቹን አዙራቸው፤ ቢንኮሻኮሹ ይጸዳሉ፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅሙሃል።

በቃ፣ አምፑ ሙቅ ነው። ጊታር የያዛችሁ በተራ ኑና ስኩ። ቮልዩማችሁን 6 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። አንተ ባለ ሳውንዱ፣ ማይኩን ትንሽ ወደ ጠርዙ አሽሽልን።